ጓዳና ሜዳ

ሐምሌ በመንዝ ጭጋግ ነው። ጠዋት በር ሲከፈት ደጁ ከቦታው የለም፤ አጥሩም፣ የገብሱ ማሳም፣ ከማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያንም በነጭ ተውጠው የበግ ሳል ብቻ ከወዲያ ይሰማል። የጓሳው ክዳን ሌሊቱን የጠጣውን ዝናብ ጠብ ጠብ እያደረገ ይመልሳል፤ ቤት ውስጥ ኩበቱ ከመንደዱ በፊት ጢሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሰውም ባናውን ከትከሻው ሳያወርድ ወደ ምድጃው ይጠጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋ ላይ፣ በዚህ ወርና በዚህ ብርድ ስለ ሰላጣ ማሰብ የአገሬውን ሰው እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ፍሬ የገባበት ሰላጣማ ሙቀት ያደከመው ሰው ምድጃ መጠጋት ሲሰለቸው የሚበላው ነው። ባሕር ማዶ ያሉት የሙቀት ወራችን የሚሉት ግን ይኸው የእኛ ሐምሌ ነው፤ እዚያ ሰው ጥላ ፍለጋ ከዛፍ ሥር በሚቀመጥበት በዚያው ቀን፣ እዚህ እረኛው ገሣውን ደርቦ ድንጋይ ተከልሎ ይኮራመታል።

ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ አንድ ወዳጄ ቤት የተጠበሰ አይብ ከፍሬ ጋር በአንድ ሰሐን ቀርቦልኝ ነበር፤ አይቡ የቆጵሮስ ሰዎች ከበግና ከፍየል ወተት የሚሠሩት፣ ሃሎሚ የሚሉት፣ እሳት ቢነካው የማይቀልጥ ዓይነት ነው። (እኛ በግ አናልብም፤ የመንዝ በግ ጸጉሩን ለባና፣ ሥጋውን ለበዓል ይሰጣል፣ ወተቱ ግን የግልገሉ ነው።) ጎረስሁትና ዝም አልሁ። የእናቴ ጓዳ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፣ ከጓዳውም ጋር በግ እየጠበቅሁ ያደግሁበት ሜዳ፤ ሁለቱ ዕድሜዬን ሙሉ ጎን ለጎን ኖረው በአፌ ውስጥ አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም ነበርና። እናም ሐምሌ ሲገባ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ መንገድ ዳር ከሚደረደረው ኮክና በለስ፣ ጥቂት ሎሚም ጨምሬ ገዛሁና፣ ደብረ ብርሃንን አልፌ፣ ጣርማ በር ላይ ታጥፌ፣ በመዘዞና በሞላሌ አድርጌ ወደ መሐል ሜዳ ወጣሁ። በለሱ በካርቶን ውስጥ በየኮረኮንቹ ሲንከባለል እየሰማሁ ስለ ሌላው ስሙ አስብ ነበር፤ የባሕር ቁልቋል። ሰዎቻችን ከሩቅ ለመጣ ነገር ሁሉ ባሕርን ስም አድርገው ሰጥተዋል፤ ባሕር ዛፍ አሉ፣ የባሕር ማሽላ አሉ፣ ባሕሩን ግን ያዩት ጥቂቶች ናቸው። እኔም ያን ቀን ባሕርን በካርቶን ጭኜ ወደ ደጋ የምወጣ መስሎ ተሰማኝ።

ቀኑንም መርጬ ነው የሄድሁት። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በመካከሉ ካለው 26 ቀን ረቡዕና ዓርብ ሲወጡለት የሚተርፈው 18 ወይም 19 ቀን ነው። ሣሩ ጉልበት በደረሰበት፣ ላሟ በጠገበችበት፣ ወተቱ በሞላበት በዚህ ክረምት ለአፍ የተከፈተችው በር ይህቺው ጠባብ በር ናት። ላሚቱ ጾም አታውቅም፤ በጾሙ ቀናት የሰጠችው ሁሉ ቅቤ ሆኖ ይጠራቀማል፣ ይነጠራል፣ በማሰሮ ተከድኖ የሚፈታበትን ቀን ይጠብቃል። በየትኛውም ሱቅ፣ በየትኛውም ቀን፣ በየትኛውም ሰዓት አይብ የሚያገኝ ሰው ይህን መጠበቅ እንዴት አድርጎ እንደሚቀምሰው አላውቅም። የእኛ አይብ ከውስጡ ትንሽ ቀን አለበት፤ ነገ ረቡዕ ነው የሚል፣ ሳምንት ፍልሰታ ነው የሚል ጣዕም።

እናቴ እርጎውን የምትንጠው በወይራ ጢስ በታጠነ ቅል ነው። ዓይኗን ከድና፣ ፊቷን ከብርሃኑ አዙራ፣ ቅሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋች ትቆያለች፤ ቅቤው መውጣቱን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። መጀመሪያ ድምፁ የሞላና የደነደነ ነው፤ ኋላ ይቀጥናል፣ ውኃ ውኃ ይላል፣ በመካከሉም ትንንሽ ነገር የቅሉን ሆድ ሲመታ ይሰማል፤ ያኔ እጇ ይቆማል። ቅቤው ከተለቀመ በኋላ የቀረውን አሬራ በድስት አድርጋ ለስለስ ያለ እሳት ላይ ጣደችውና እንዳላማስለው ከለከለችኝ። አይብ ዓይን እያየው የሚሰበሰብ፣ እጅ ሲነካው የሚሸሽ ነገር ነው። ተቀምጬ አየሁት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ ከዳር በኩል ነጩ ከፈሳሹ እየራቀ፣ እርስ በርሱ እየተጠራራ፣ በብጫማው አጓት ላይ እንደ ደመና ተሰባሰበ። ጻድቁ ኢዮብ በመከራው መካከል ፈጣሪውን ሲያናግር፣ አፈጣጠሩን በፈሰሰ ወተትና በረጋ አይብ መመሰሉ ልጅ ሆኜ ስሰማው እንግዳ ነገር ነበር። አሁን ግን ያ ሰው አንድ ቀን እንዲህ ከድስት አጠገብ ተቀምጦ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቅርጽ ያልነበረው ነገር፣ ማንም ሳይዘው፣ በሙቀት ብቻ አካል ሲያገኝ ያየ ሰው ስለ ራሱ መጀመሪያ ሳያስብ አይነሣም።

አይብን አጠንክሮ መጭመቅ በእኛ ቤት አልነበረም። አይብ እንደረጠበ ጎመን አጠገብ የሚቀመጥ፣ የዶሮ ወጡን ቃጠሎ የሚያበርድ፣ በሌላው ምግብ ኃይለኝነት መካከል ሽማግሌ ሆኖ የሚገባ ነው። እኔ ግን እንዲጠበስልኝ ስለፈለግሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አጓቱ እንዲወርድ ዘንበል ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኑሬ፣ የምጭነው ክብደት ስፈልግ ዓይኔ ያረፈው ወፍጮው ላይ ነበር። መጁን አንሥቼ ላዩ ላይ አስቀመጥሁት።

«አንተ ልጅ፣ መጅ እህል ይፈጫል እንጂ አይብ ይጫናል እንዴ?» አለች እናቴ፤ ግን አላነሣችውም። መጁ ሌሊቱን እዚያው አደረ።

ያን ሌሊት ዝናቡ ክዳኑን ሲደበድብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅ ሳለሁ ፍሬ የሜዳ ነበር። ቀጋውን ከእሾኹ መካከል ለቅመን፣ ውስጡ ያለው ጸጉር ጉሮሮ ስለሚከረክር በጥፍራችን ፍቀን አውጥተን፣ ቀዩን ልጣጭ እናኝካለን፤ እንጆሪ ሲገኝ እንዲያ ያለ ትዕግሥት የለም፣ ከቅጠሉ እስከ አፍ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ኮሽም ደግሞ ፊት ያጨማድዳል፣ እየተጨማደዱም ይበሉታል። ማንም ግን ፍሬ ይዞ ወደ ቤት አይገባም። ማታ «እህል ቀመስህ ወይ?» ስንባል ጥያቄው ስለ እንጀራና ስለ ቆሎ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስንለቅም የዋልነው ከምግብ አይቆጠርም፣ እንደ ፉጨት፣ እንደ ዋሽንት፣ የእረኛ ብቻ የሆነ ነገር ነው። አይብ በተራው የጓዳ ነበር። ድስቱ የሚከደነው በእናት እጅ፣ የሚከፈለውም በእናት ዓይን ነው፤ መጀመሪያ ለእንግዳ፣ ከዚያ ለታመመና ለአራስ፣ ከዚያም ለአባት፣ የተረፈውን ለእኛ። አንዱ ጌታ የሌለው፣ ቆሞ የሚበላ፣ ብርድና ነፋስ ያለበት፤ ሌላው የተከደነ፣ የተቆጠረ፣ በጨለማ የሚቀመጥ። ከዚህ የወጣ አንድ ነገር ብቻ በዚያ ሌሊት ትዝ አለኝ፤ እሴይ እረኛውን ልጁን ዳዊትን ወደ ጦር ሜዳ ሲልክ ለሻለቃው አሥር አይብ ማስያዙ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ጎልያድንና ወንጭፉን ነው፤ እኔ ያን አይብ አስባለሁ፣ መንገድ ላይ ከእጁ ሸተተው ይሆን፣ ዳር ዳሩን ቀመስ አድርጎት ይሆን እላለሁ። በእረኛ እጅ አይብ ያየሁት እዚያ ብቻ ነውና።

ጠዋት ጨርቁን ስፈታው አይቡ የጨርቁን ሽመና በገላው ላይ አትሞ፣ ጠንከር ብሎ፣ የመጁን ሆድ መስሎ ጎድጎድ ብሎ ጠበቀኝ። በቢላዋ ቆረጥሁት። የመጀመሪያው ቁራጭ መጥበሻው ላይ ገና ሳገላብጠው ፈረሰ፤ ቅቤው አልጋለም ነበር፣ እኔም ቸኩያለሁ። እናቴ ምንም ሳትል ጭራሮ ጨመረች። ሁለተኛው ሲገባ ቅቤው ጮኸ፣ አይቡም በዚያ ጩኸት መካከል ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ አልቀለጠም፣ አልተዘረጋም፣ ከሥሩ ብቻ የተቆላ ገብስ እስኪመስል ቀስ በቀስ ቀላ። ሌላ ሌላው አይብ እሳት ሲያይ ይፈስሳል፤ ይህ ግን ገና ሲወለድ ያገኘውን ሙቀት የማይረሳ ይመስላል። ከአሬራነት ወደ አይብነት የተሻገረው በዚያው ምድጃ ላይ ነበርና፣ ሲመለስ እንደ እንግዳ አይደነግጥም። ከበላዩ ነጭ፣ ከሥሩ ወርቅማ ሆኖ፣ ሽታው የወይራውን ጢስ፣ የቅቤውን ቅመምና የጠዋቱን ኩበት ይዞ ሲወጣ፣ ይህ ሽታ በዚህ ቤት ተሸቶ እንደማያውቅ አሰብሁ፤ ግን ለማንኛችንም አዲስ አልሆነብንም።

በለሱን ጫፍና ጫፉን ቆርጬ፣ ጎኑን ሰንጥቄ፣ ልጣጩን እንደ ጋቢ ገፍፌ አወጣሁት፤ እሾኹ ግን ጣቴን ሳያስከፍል አልተወኝም። ኮኩን ልጬ ከዘሩ ለየሁ፣ ሎሚ ጨመቅሁ፣ ጤና አዳም በጣቴ አሽቼ በተንሁ፣ ሚጥሚጣ በጥቂቱ ነሰነስሁ፣ መጨረሻ ላይ ጨው። ሰላጣ የሚለው ቃል ከጣልያኖች አፍ ሲመጣ ትርጉሙ ጨው የገባበት ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቅጠሉም፣ ምግቡም በአንድ ስም ተጠሩ። አያቶቻችን አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ሲገበያዩበት፣ አንድን ምግብ በጨው ስም መጥራት ምን ያህል ክብር እንደሆነ ከእኛ ይልቅ በተረዱት ነበር። ነጩን ሰሐን ወደ ምድጃው ብርሃን አስጠግቼ አየሁት፤ ቀይ ሐምራዊው በለስ፣ ቢጫው ኮክ፣ ጠርዙ የቀላው አይብ፣ በላያቸው አረንጓዴው ጤና አዳም። ከውጭ ያለው ሁሉ ነጭና አመድማ በሆነበት በዚያ ጠዋት ያ ሰሐን ከሩቅ አገር የተላከ ትንሽ ቀን ይመስል ነበር።

እናቴ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ እጇን ታጠበች፤ አማተበች። ሹካውን ወደ ጎን ብላ አንድ ቁራጭ አይብ አነሣች፣ በላዩም የበለስ ቁራጭ አደረገች፣ በአውራ ጣቷም ጫን አደረገችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ በላችው። እንዲያ ሰው እንዳያየው ዞሮ የሚበላ አዋቂ አይቼ አላውቅም። ጣፈጣት እንደሆነ ልጠይቃት ስል እሷ ቀደመችኝ።

«እንጆሪው ይሻለዋል» አለች።

«የምን እንጆሪ?»

ቀስ ብላ አኝካ እስክትውጥ ጠበቅሁ። ልጅ ሆና የአባቷን በጎች ስትጠብቅ፣ ከእናቷ ጓዳ አይብ እየሰረቀች፣ በቅጠል ጠቅልላ፣ ከመቀነቷ ሥር ደብቃ ትወጣ እንደነበር፣ ከወንዙ አፋፍ እንጆሪ ለቅማ በአይቡ ላይ እየደፈጠጠች ብቻዋን ትበላ እንደነበር ነገረችኝ፤ ማንም ያን እስካሁን አላወቀባትም። ሰባ ዓመት የሚሆነው ምስጢር ነው። እኔ ሁለቱን ላስተዋውቅ ከአዲስ አበባ ድረስ ደክሜ መጣሁ፤ እነርሱ ግን እኔ ሳልወለድ፣ በአንዲት እረኛ መዳፍ ላይ ተዋውቀው ኖረዋል።

«ያኔም ትጠብሺው ነበር እማዬ?»

«ኧረ እሳት ከየት አመጣለሁ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ከእኔ የሚያንስ የአንዲት ልጅ ሳቅ ነበር።

ከሰሐኑ ሁለት የተጠበሰ ቁራጭና አንድ ኮክ አነሣች። በእንጀራ ጠቀለለቻቸው፤ ነጠላዋን ተከናንባ በሩን ከፈተችና ደጅ ወጣች። ጭጋጉ ወዲያው ዋጣት። የጎረቤታችን ልጅ በጎቹን ይዞ ከማሳው ዳር እንዳለ ከሳሉ ታውቃለችና፣ «ና አንተ፣ ቶሎ ና!» እያለች ስትጣራ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ የገሣ ኮሽታ፣ የእግር ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ።