የምድር ቤቱን በር እንክፈት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ እንግዳ የማይገባበት ምድር ቤት ይረጥባል፣ ይሻግታል። ባለቤቱ ቀለም ይቀባዋል፤ በዓመቱ ተልጦ ይወድቃል። ለምን ቢሉ፣ ከውጭ ያለው ቦይ ተደፍኖ ውኃው ወደ ግድግዳው ይሰርጋላ!

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ቤቱ በደዌ የተመታበት ሰው ካህኑን ይጠራ ነበር። ካህኑ አይቶ ቤቱን 7 ቀን ይዘጋዋል፤ ደዌው ከሰፋ ድንጋዩ ይወጣል፣ ልስኑ ይፋቃል። ሸፍኑት አይልም።

እኛስ? 55 ቀን ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን፤ ከወንድማችን ጋር ግን በውርስ ተጣልተን ዓመታት አልፈዋል። ጾማችን ቀለም ብቻ እንዳይሆን! ዛሬውኑ ለንስሐ አባታችን ሳንደብቅ እናሳይ፤ ከዚያም የወንድማችንን ደጅ እናንኳኳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።