ስለ አልማዝ እና ስለ ምስክር ወረቀቱ

ለጋብቻ ከሚዘጋጁ ወጣቶች መካከል፣ በተለይም በውጭ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን፣ ከተራው የወርቅ ቀለበት ይልቅ አልማዝ ያለበትን የሚመርጡ አሉ። ከቀለበቱም ጋር አንድ ወረቀት ይሰጣቸዋል። ወረቀቱ የድንጋዩን ክብደት፣ ቀለም፣ ንጽሕናና አቆራረጥ ይናገራል፤ ገዢው ግን ከዚህ ሁሉ በገዛ ዓይኑ ለይቶ የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው በሌላ ሰው ቃል ተማምኖ ነው ማለት ነው። ራሳችን ልንመረምረው የማንችለውን ነገር በምስክር ቃል ስንቀበል፣ እምነታችን እስከ ምን ድረስ ሊሄድ ይገባዋል? ውድ አንባብያን፣ ጥያቄው የሀብታሞች ብቻ እንዳይመስላችሁ። መድኃኒት ስንገዛ፣ የትምህርት ማስረጃ ስንቀበል፣ በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ስናነብ፣ ሁልጊዜ ያው ጥያቄ አለ። በአልማዝ ላይ ግን ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። በአገራችን ወርቅን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ለወርቅ «ካራት» የንጽሕና መለኪያ ሲሆን 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ፣ 18 ካራት ደግሞ ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ የሆነ ነው። ለአልማዝ ግን ካራት የክብደት መለኪያ ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 2 ካራት አልማዝ ተሰጠኝ የምትልን ሙሽራ፣ ወርቅ ብቻ የሚያውቁ አክስቷ ቢያዝኑላት አይፈረድባቸውም።

ዛሬ በዓለም ገበያ የታወቀውን የደረጃ አሰጣጥ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 በአሜሪካ የተቋቋመው፣ በምሕጻረ ቃል ጂ.አይ.ኤ. የሚባለው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ነው። በእርሱ ሥርዓት ቀለም የሌለው አልማዝ «ዲ» ይባላል፤ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቡናማነት እያደላ ሲሄድ እስከ «ዜድ» ይወርዳል። ስለ ምን ከ«ኤ» አልጀመረም? ከዚያ በፊት ነጋዴዎች በየፊናቸው «ኤ» ሲሉ፣ ሌላው ለመብለጥ «ኤኤ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ኤኤኤ» ይሉ ስለ ነበር ነው። ሁሉም ዕቃ አንደኛ ከተባለ አንደኛ የሚለው ቃል ምንም አይነግረንም። ተቋሙ እነዚያን የረከሱ ፊደላት ትቶ ከአዲስ መጀመሩ፣ ምስክርነት ሊረክስ የሚችል ነገር መሆኑን ያስረዳል።

ደረጃው እንዴት ይሰጣል? በሙያው የሠለጠኑ ሰዎች፣ ብርሃኑ በተወሰነ ስፍራ፣ ድንጋዩን ለማነጻጸሪያ ከተቀመጡ አልማዞች አጠገብ አድርገው ቀለሙን ይለያሉ፤ ንጽሕናውንም አሥር ጊዜ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ይመረምራሉ። በመልካም ቤተ ሙከራ ከአንድ በላይ የሆኑ መርማሪዎች፣ የድንጋዩን ባለቤት ማንነት ሳያውቁ፣ እያንዳንዳቸው ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። ክብደቱን ሚዛን ይናገራል፤ የቀለሙና የንጽሕናው ደረጃ ግን በመጨረሻ የሰው ፍርድ ነው። ተፈጥሮ ራሷ ደረጃ አልሠራችም፤ ከ«ጂ» ወደ «ኤች» የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ ፊደላቱን እንደ እርከን የቆረጥናቸው እኛ ነን። በሁለቱ ድንበር ላይ ያለ ድንጋይ ዛሬ «ጂ»፣ ነገ በሌላ ሰው ዓይን «ኤች» ቢባል፣ ከሁለቱ አንዱ ዋሸ አያሰኝም።

እዚህ ላይ ግን ስሕተትና ሐሰት የሚለዩበትን ምልክት ልብ ማለት ይገባናል። የቅን ሰው ስሕተት አንዳንዴ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ ወደ ታች ይወድቃል። ስሕተቱ ሁልጊዜ ለከፋዩ በሚጠቅም አንድ ወገን ብቻ የሚወድቅ ከሆነ፣ ያ ስሕተት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። የዚህ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ድንጋዩን ወደ ቤተ ሙከራ የሚልከውና የሚከፍለው ሻጩ ነው። ሻጩም ከፍ ያለ ደረጃ የሚሰጠውን ቤት መርጦ ሊልክ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ራፓፖርት የተባለው የአልማዝ ዋጋ ዘገባ አውጪ፣ ኢ.ጂ.ኤል. በሚለው ስም የሚወጡ ወረቀቶችን የያዙ አልማዞች በግብይት መረቡ ላይ እንዳይዘረዘሩ አደረገ፤ ደረጃው ከጂ.አይ.ኤ. መመዘኛ ይልቅ ተጋንኖ ይሰጣል በማለት ነበር። የተከበረውም ተቋም ከፈተና ውጭ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ጂ.አይ.ኤ. ራሱ፣ ለደረጃ ማሻሻያ ጉቦ ተሰጥቷል የሚል ክስ ተነሥቶ፣ ምርመራ ካደረገ በኋላ ሠራተኞችን አሰናብቷል። ሆኖም መርምሮ የሚያሰናብትን ቤትና ማጋነንን ልማድ ያደረገን ቤት አንድ አድርጎ ማየት ፍትሕ አይሆንም።

ገዢውስ ምንጊዜም የዋህ ነውን? የ«ዲ» ወረቀት ያለውን ድንጋይ ከሌላው «ዲ» በግማሽ ዋጋ ሲያገኝ፣ ደስታው አፉን ይዘጋዋል። ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው አይታለሉም፤ የትኛው ወረቀት ለጋስ እንደ ሆነ ያውቃሉ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይቀንሳሉ። ወረቀቱን እንደ ተጻፈው የሚያነበው የመጨረሻው ገዢ ብቻ ነው። ሳይጠይቅ የሚቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሱን ስለሚፈራ ነው።

ወረቀቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የማይናገረው አለ። ዋጋ አይተምንም። ቁጥሩ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ በጨረር ተቀርጾ ቢገኝም፣ ሰው በቤተ ሙከራ ባሳደገው አልማዝ ላይ የተፈጥሮ አልማዝ ቁጥር በሐሰት ተቀርጾ ስለ ተገኘ፣ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ክብደቱንና ልኩን ከሻጩ ጋር ባልተዛመደ ባለሙያ ማስመርመር ይበጃል። የተለመደው ወረቀት ድንጋዩ ከማን እጅ እንደ ወጣም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው የኪምበርሊ ሥርዓት ለዚህ ሌላ ምስክር ወረቀት አለው፤ ነገር ግን ያ ወረቀት የሚሄደው ካልተቆረጠው አልማዝ ጭነት ጋር ነው፤ የሚከለክለውም ዐማፅያን በሕጋዊ መንግሥት ላይ ለሚያደርጉት ጦርነት ገንዘብ የሚያገኙበትን አልማዝ ነው። በማዕድን ሠራተኛው ላይ የሚደርሰው ሌላው ግፍ በዚህ ትርጉም ውስጥ አልገባም። ስለዚህ «ወረቀት አለው» የሚለው መልስ፣ የትኛው ወረቀት፣ ስለ ምን ይመሰክራል ተብሎ ካልተጠየቀ ኅሊናን ሊያሳርፍ አይገባም።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀረናል። በተጋነነ ወረቀት ገዝቶ ቆይቶ ሌላ ቤተ ሙከራ ቢያስመረምር ደረጃው ዝቅ ብሎ የተገኘበት ሰው፣ ችግር ገጥሞት ሊሸጠው ሲነሣ በመጀመሪያው ወረቀት መሸጥ ይችላልን? «እኔም የገዛሁት በዚሁ ነው፤ ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ አይደለሁም» ሊል ይችላል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በሱማ ቴዎሎጂያ ስለ ሻጭና ገዢ ሲያስተምር፣ በግልጽ የሚታይን ጉድለትና የተሰወረን ጉድለት ይለያል። አንድ ዓይና ፈረስ የሚሸጥ ሰው፣ ጉድለቱ ለሁሉ ስለሚታይ፣ ዋጋውን እስከ ቀነሰ ድረስ መናገር ግዴታ የለበትም፤ ገዢው ሊያየው የማይችለውን፣ ጉዳት የሚያመጣበትን ጉድለት ግን ሻጩ ሊገልጥ ይገባዋል። የአልማዙ ጉድለት ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ወረቀቱ ራሱ ጉድለቱን ሰውሮታልና። ሰውየው ሳያውቅ ይዞት በነበረ ጊዜ በደል አልነበረበትም፤ ካወቀ በኋላ ግን ሁለተኛውን ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር አድርጎ ለገዢው ማሳየት፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ማድረግ አለበት። ለደረሰበት ኪሳራ ካሣ የሚጠይቀው ከሸጠለት ነጋዴ ነው፤ ነጋዴው ባይገኝ ወይም ባይከፍል እንኳ፣ ኪሳራውን ሊያካፍለው የሚገባ ሰው ያ አዲስ ገዢ አይደለም።