ለግመል የሰጠነው «ምናልባት»

 

ባለፈው ሳምንት ለዚያራ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄጄ ነበር። ስንቅ ይዘን ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን አንድ ቡራቡሬ የጋሪ ፈረስ ቆሟል። አንዱ ወጣት አይቶት «ይሄማ ሁለት አባት ነው ያለው!» ብሎ አሳቀን። ጨዋታው ከፈረሱ ወደ ሰው ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ከፊታችን እናቱን ይዞ የቆመውን ትንሽ ልጅ እያዩ «ታሳሪ አባቱን ምኑም አይመስልም» ተባለ። ሌላው «ይመርመራ፣ ዲኤንኤ አይዋሽም» አለ። እናትየው መስማቷን ከትከሻዋ አወቅኩ። እኔ ኡስታዝ የሚሉኝ ሰውዬ ዝም አልኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ያ ዝምታ ስላሳፈረኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ፈረሱ። ቡራቡሬ መሆን ሁለት አባት ማለት አይደለም፤ ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የሚወረስ ቀለም ነው። ሁለት ዘር በአንድ ገላ የሚኖርበት ጊዜ ግን በእርግጥ አለ፤ ካይሜራ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ከውጭ አይታይም። መንታ የተፀነሱ ውርንጭላዎች በማህፀን ሳሉ የደም ሥራቸው ሊገናኝ ይችላል። ያን ጊዜ ደም የሚሠሩት ሴሎች ይሻገሩና ሴቷ የወንድሟን ደም ይዛ ትኖራለች። ደሟና የፀጉሯ ሥር ቢመረመሩ የሚሰጡት መልስ ላይገጥም ይችላል። በከብት ደግሞ የተለመደ ነው፤ ሬይ ኦወን የተባለ ተመራማሪ በ1945 እ.ኤ.አ. መንታ ከብቶች የሁለት ዓይነት ደም እንደሚይዙ አሳይቷል። (በቅሎን እዚህ አታስገቧት። እሷ ድቅል ናት፤ እያንዳንዱ ሴሏ ከአህያም ከፈረስም ነው። አባቷን ሲጠይቋት አጎቷን መጥራቷ ሌላ ጉዳይ ነው።)

በሰውም ይገኛል። በ2002 አካባቢ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት ሴት የመንግሥት ድጋፍ ስትጠይቅ ምርመራው «የልጆችሽ እናት አይደለሽም» አላት። በማጭበርበር ተጠረጠረች። ሦስተኛዋን ስትወልድ ታዛቢ ባለበት ናሙና ተወሰደ፤ መልሱ ያው ሆነ። በኋላ ከማህፀኗ በር የተወሰደው ናሙና ግን ከልጆቿ ጋር ገጠመ። ሁለት ዘር ነበረባት። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ። ሰዎቹ ባልተጠየቀው ፈረዱ።

እንዲህ ያለው እጅግ ብርቅ ነው፤ ምርመራን ናቁ አላልኩም። እኛ ግን ሰልፉ ላይ ምርመራም አልነበረንም፤ የልጅ ፊት ብቻ ነበር።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው አንድ የበረሃ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደች ነገራቸው። እሳቸው ስለ ግመሎቹ ጠየቁት። ቀይ ናቸው፣ አመድማም አለባቸው አለ። አመድማው ከየት መጣ ቢሉት፣ ምናልባት የቆየ ዘር ስቦት ይሆናል አለ። ልጅህንም እንዲሁ ይሆናል አሉት። ሐዲሡን መድረሳ እያለሁ ሸምድጄዋለሁ፤ የገባኝ ግን ቃሊቲ በር ላይ ነው። ሰውየው ለግመሉ ሳይጠየቅ የሰጠውን «ምናልባት» ለገዛ ሚስቱ ነፍጓት ነበር።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እናትየው የልጁን ኮፍያ አስተካክላ ገባች። በሚመጣው የዚያራ ቀን እመለሳለሁ። የሐሜት አዳማጭ ተካፋይ ነውና አፉ ማለት አለብኝ። ግን ያንን ወሬ በልጇ ፊት እንዴት ነው የማነሣው?