ቁስልን ስለ መሸሸግና ቁስልን ስለ ማሳየት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ወንድሜ ሆይ! አንድ ሰው በአስካሪ መጠጥ ሱስ ተይዞ ሳለ፥ «ኃጢአቴን መሸፈን ታዝዤአለሁ» ብሎ ዝም ቢል፥ ትክክል ነውን? በሌሊት የሠራውን በደል አላህ ሸፍኖለት ሳለ፥ በማለዳ ለሰው የሚያወራ በእርግጥ የተነቀፈ ነው። ነገር ግን በበደሉ እየተመካ የሚያወራና ቁስሉን ለሐኪም የሚያሳይ አንድ አይደሉም። ያኛው ነውሩን ያስፋፋል፤ ይኸኛው ከነውሩ መውጫ ይፈልጋል።

አንተ ነጋዴ ነህና ይህን ታውቃለህ። ኪሳራውን በጊዜ ለታመነ ባልንጀራው የገለጠ፥ ሱቁን ያድናል፤ መዝገቡን የደበቀ ግን ቤቱ በባለ ዕዳዎች ፊት ይዘጋል። ወንድ ልጅ ድካሙን መናገር ውርደት ይመስለዋል፤ በሚስቱና በልጆቹ ፊት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ለወንዶች ብቻ የተለየ የሕክምና ጉባኤ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ጥበብ ከየትም ብትመጣ አትናቃት። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ፥ መጠጥ ትቶ ጥቂት ወራት እንደ ቆየ፥ ለንግድ ወደ አክሮን ከተማ ሄደ። ንግዱ ከሸፈበት፤ በእንግዳ ማረፊያው ብቻውን ሳለ የመጠጥ ፍላጎት ያዘው። ወደ መጠጥ ቤቱ መግባትን ትቶ፥ እንደ እርሱ በመጠጥ የተቸገረ ሰው በስልክ አፈላለገ። ሐኪሙን ቦብ ስሚዝን አገኘ፤ ተነጋገሩ፤ ስሚዝም ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጠጡን ተወ። ከእነዚህ ከሁለቱ ስማቸውን የማይገልጡ ጠጪዎች ማኅበር ተወለደ። በ1989 እ.ኤ.አ. ደግሞ በባልቲሞር ከተማ ሙስሊሞች «ሚላቲ ኢስላሚ» የተባለውን ማኅበር አቋቁመው፥ ያንኑ መንገድ ከእስልምና ጋር አስማሙት። እነሆ፥ ቁስሉ ተገለጠ፥ ስሙ ግን ተሸፈነ።

አንተ ሰሚው ደግሞ ሁለት ግዴታ አለብህ። አንደኛው፥ የሰማኸው አማና ነውና ወደ ገበያ አታውጣው። ሁለተኛው፥ ወንድምህን አትርገም። ቡኻሪ እንደ መዘገቡት፥ በመጠጥ ምክንያት እየተመላለሰ የተቀጣን አንድ ሰው ሌላው በረገመው ጊዜ፥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያ ሰው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መስክረው ርግማኑን ከለከሉ። ቅጣቱ አልቀረም፤ ወንድምነቱም አልተቆረጠም።

ይህንም እወቅ፦ ብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም፥ ሊንቀጠቀጥ፥ ሊጥለው፥ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ልጅህን በክፍል ቆልፈህ «ቶብት!» አትበለው፤ አስቀድመህ ወደ ሐኪም ውሰደው። ተውባው ለአላህ ነው፤ ሐኪሙም ሰበብ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

አላህ የተያዙትን ይፍታ፥ የተሸሸጉትን ቁስሎች ይፈውስ፥ ምላሳችንንም ከርግማን ይጠብቅ። አሚን።