«መቼ እንምጣ?» ላልሽኝ

ልጄ፣ ከትሮምሶ ደውለሽ «ልጆቹን ይዤ በሐምሌ ብመጣስ? ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው» ብለሽኛል። በስልክ አጭር መልስ ሰጥቼሽ ነበር፤ አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልጆችሽ ኢንጅባራን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ጉዟቸው በጥድፊያ እንዲወሰን አልፈልግም።

እናንተ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚባል የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። በሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘውን አረንጓዴ ብርሃን ማየት የሚፈልግ ሰው ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይመጣል። በሰኔ ቢመጣ ሰማዩ ስለማይጨልም አንዳች ሳያይ ይመለሳል። የማትጠልቀውን ፀሐይ የሚፈልግ ደግሞ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ መድረስ አለበት። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ፀሐይዋ ጭራሽ አትወጣም። ስለዚህ ወሩ ከመቆረጡ በፊት «ምን ልታይ ትመጣለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የእኛም አገር እንደዚያው ነው። እዚህ በአዊ ግን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን በአንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይበልጥም። ዓመቱን ለሁለት የሚከፍልብን ዝናብ ነው።

ስለ ሐምሌ እውነቱን ልንገርሽ። ኢንጅባራ 2,560 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ደጋ ናት፤ ጎረቤታችን ዳንግላም ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ዝናቡ በግንቦት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዳንግላ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። ጧት በር ስትከፍቺ ጉሙ ደጃፉ ድረስ ወርዷል። ልጆችሽን ወደ ዘንገና ብትወስጃቸው፣ ያ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረና ጥልቀቱ 166 ሜትር የሚደርስ ሐይቅ፣ አፋፉ ላይ ቆመው ከሥራቸው ውሃ መኖሩን የሚያውቁት በወፎቹ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ከአስፋልቱ ወጥተሽ ወደ አያትሽ ቀበሌ ስትታጠፊ ባጃጅ አይገባም፤ ጋሪም ጎማው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ዘመዶችሽም ማሳ ላይ ናቸው፤ ተቀምጦ የሚያጫውትሽ አታገኚም። አልፎ አልፎ ሰማዩ ይከፈትና ልብ ይሸፍታል፤ ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል ይባል የለ! ከሰዓት በኋላ ግን ያው ዝናቡ ይመለሳል።

ክረምቱን ማጣጣሌ አይደለም። የሚያበላን እርሱ ነው፣ ለምለሙም ያኔ ነው። ለሁለት ሳምንት እንግዳ ግን አይሆንም። ይህን የዱሮ መንገደኞችም ያውቁት ነበር። ነገሥታቱ ክረምት ሲገባ ዘመቻ አቁመው ይሰፍሩ ነበር። ከእኛ አጠገብ ሰከላ ያለውን የግሽ ዓባይን ምንጭ ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ያየው በሚያዝያ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. የደረሰው በጥቅምት መጨረሻ ገደማ፣ መሬቱ መጠጠር ሲጀምር ነው።

ጥቅምት ግሩም ወር ነው። የኑጉ ማሳ ቢጫ ለብሶ፣ ሰማዩ ታጥቦ ታገኚዋለሽ። ብርዱም ያኔ ይጀምራል፤ በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ነገር ግን የመጸው ዕረፍታችሁ አንድ ሳምንት ብቻ ነው ብለሽኛል። በአንድ ሳምንት ከዚያ ድረስ መጥቶ መመለስ መንገድ ማየት እንጂ ዘመድ ማየት አይባልም። የካቲትና መጋቢትም ደረቅ ናቸው፤ ግን ሁዳዴ ሲገባ ሠርጉም ፍሪዳውም ይቆማል፣ አቧራውም ይበዛል።

እኔ የምመክርሽ ጥርን ነው። ከጥምቀት ዋዜማ ጀምረሽ እስከ ጥር 24 ድረስ ብትቆዪ ሁለት ሳምንት ነው። ትምህርት ቤቱም እስከ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ሊሰጥ እንደሚችል ነግረሽኛል። ጥር 11 ታቦት ትሸኛላችሁ፣ በመካከሉ የሠርግ ጥሪ አይጠፋም፣ ጥር 23 ደግሞ የፈረሰኞቹ ቀን ነው።

ይህን ቀን ልጆችሽ ሊያዩት ይገባል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ በ2012 ዓ.ም. 80ኛ ዓመቱን አክብሯል፤ አባላቱም ከ50 ሺህ በላይ ናቸው። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ መታሰቢያነቱም በዓድዋ ለዘመቱት ፈረሰኞችና ለፈረሶቻቸው ጭምር ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለውን ተረት ሁላችን እንናገራለን፤ አገው ግን የፈረሱን ውለታ ለብቻው ቆጥሮ፣ በዓል አድርጎ ያከብርለታል። ደግሞም በእኛ አገር ፈረስ ያርሳል። በሰኔ ቀንበር የተሸከመው ያው ፈረስ በጥር ታጥቦ፣ ግላስ ለብሶ፣ ልጓሙና ኮርቻው በጌጥ ተሞልቶ ሜዳ ይወርዳል። ጉግሱን፣ ሽምጡን፣ ስግሪያውን እያሳየሻቸው፣ ጎን ለጎን የሚቆሙትን ሽማግሌ ፈረሰኞች ደግሞ ልብ እንዲሉ አድርጊ። አንድ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እርካብ ረግጦ ሲወጣ ማንም ሲደግፈው አታዪም፤ ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ ጀርባው ቀጥ ይላል። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ እኔ ከዚህ በላይ ባወራልሽ አይተካውም።

ስለ ብርዱ አትናቂኝ። «እኛ በረዶ ውስጥ ነው የምንኖረው» ትይኝ ይሆናል። እናንተ ዘንድ ውጭው ይበርዳል፣ ቤቱ ይሞቃል። እዚህ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ቤቱ ደግሞ ማሞቂያ የለውም። ለልጆቹ ለሌሊት ወፍራም ሹራብ፣ ለቀን ባርኔጣ ያዢ። ጋቢ ከእኛ አይጠፋም። የፈረሰኞቹ ሰሞን ኢንጅባራ ላይ አልጋ ስለሚወደድና ስለሚጠፋ ከእኛ ጋር ታድራላችሁ።

ሁለት ነገር ግን ከወቅቱ ሁሉ ይቀድማል። አንደኛው አያትሽ ናት። ዛሬ ደህና ናት፤ ጥርን ትጠብቃለች ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ሕመም ከጠናባት ግን ሐምሌም ቢሆን፣ ዝናቡ ድልድይ ቢጎዳም ነይ፤ ያኔ ወር አይመረጥም።

ሁለተኛው ሰላሙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን በግጭት ውስጥ ከርሟል፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ወርደሽ በዳንግላ ብትመጪ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርሻል። በየትኛው እንደምትመጪ አሁን አትወስኚ። የምትጓዢውም በቀን ብርሃን ብቻ ይሁን፤ ቢመሽብሽ ባለሽበት ከተማ እደሪ።

እንግዲህ ለትምህርት ቤቱ ማመልከቻውን ከአሁኑ አስገቢ። ትኬቱን ቀኑ የሚለወጥ አድርገሽ ግዢ፣ ዋጋው ቢጨምርም። ከገና ማግስት ደውይልኝ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑንና በየትኛው በኩል እንደምትገቡ ያኔ እነግርሻለሁ።