የገና ዜማ ዕዳ

የሕዝብን ዜማ ወስዶ በዘመናዊ መሣሪያ የሚጫወት ከያኒ ለዜማው ባለቤት ምን ዕዳ አለበት? ክርክሩ አዘውትሮ የሚያተኩረው በመሣሪያው ላይ ነው። አንዱ ወገን ጊታርና ሳክስፎን ባህል ያበላሻሉ ሲል፣ ሌላው ያለ እነርሱ ዕድገት የለም ይላል። ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር የዘነጉ ይመስለኛል።

ጉዳዩን በገና ዘፈን እንመርምረው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው የጎጃም ገጠር ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወር ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን የልደት በዓል ሲውል ጎልማሳውና እረኛው ገለጥ ባለ ሜዳ ላይ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ ሩሯን ይለጋሉ። ከዚያ ግጥሙ ይቀጥላል። አሸናፊው ተሸናፊውን በዘፈን ይሸነቁጣል፤ የተነካውም ገጥሞ ይመልሳል። በባላባት ዘመን ሎሌው ጌታውን ሳይቀር ይነካ ነበር፤ በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረው የቆየ አባባል የዚህ ውል ምስክር ነው። እንግዲህ የዘፈኑ ነፍስ ያለችው በመናገርና በመመለስ ነጻነት ውስጥ ነው።

የአንድ ቀን ነጻነት የዓመቱን ጸጥታ መግዣ ነው የሚል ተከራካሪ ይኖራል። አነጋገሩ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ በአደባባይ የተባለ ቃል በማግስቱ እንዳልተባለ አይሆንም፤ ሰሚው ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል።

ቅብብሉ በሜዳው ጨዋታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በላሊበላ በልደት ቀን «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ካህናቱ ከፊሎቹ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዓለት አፋፍ፣ ከፊሎቹ ከሥር ሆነው ይቀባበላሉ። ጃዝም ከጥቁር አሜሪካውያን የቅብብል ዜማ ብዙ ወርሷል። ዱክ ኤሊንግተንና ቢሊ ስትሬይሆርን እ.ኤ.አ. በ1960 የቻይኮቭስኪን የገና ባሌት ሙዚቃ በጃዝ ሲያቀናብሩ ለአውሮፓው ዜማ በራሳቸው አንደበት መለሱለት። ይኸው ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከኢትዮ ጃዝ አባት ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኝቷል። በሮክ በኩል ጆን ሌነንና ዮኮ ኦኖ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት የገና ዘፈን የቪዬትናምን ጦርነት ተቃውመውበታል። በአገራችንም ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ተጫውቶ መሣሪያው የሰው ድምፅ ሊሸከም እንደሚችል አሳይቷል።

ስለዚህ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው የገናን ዜማ ወስደን፣ ማንንም የማይነኩ ጥቂት ስንኞች መርጠን፣ ከዓመት ዓመት እነርሱኑ ስንደጋግም ነው። ያን ጊዜ አዳራሹ ያጨበጭባል እንጂ አይመልስም። ዜማው አለ፤ ሎሌው ግን ከዘፈኑ ወጥቷል።

ዕዳው የሚከፈለው እንዲህ ነው፦ የሙዚቃ ጓዱ ከዜማው መካከል ለተመልካቹ ስንኝ ባዶ ቦታ ይተው፤ ገጣሚው በያመቱ የዓመቱን ነገር ይግጠም፤ መምህሩ ተማሪውን መግጠም ብቻ ሳይሆን ሲነካም መመለስን ያስተምር። ከሁሉ የሚከብደው ድርሻ በፊት ረድፍ የክብር ወንበር ላይ የተቀመጠው ሹም ነው፤ ስሙ በግጥም ሲነሣ፣ እንደ ጥንቱ ጌታ ሳይቆጣ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ማድመጥ ይኖርበታል። የቡሬው ገበሬ ዜማውን ያበደረን ይህን ውል ጨምሮ ነው።