ለሚረሳ ሰው የተገባ ቃል

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ ይኸውም በዳይ ቢዘነጋ ተበዳይ ያስታውሳል፣ ቃል የገባ ቢተኛ ቃል የተገባለት ይቀሰቅሰዋል የሚል ነው። ነገር ግን የሚረሳው የተወጋው ራሱ የሆነ እንደሆነስ? ቃል የተገባለት ሰው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃል የገባለትንም ሰው የዘነጋ እንደሆነ፣ ዕዳው ተሰረዘ ማለት ነውን? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጻሕፍት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ራቤል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

እናቴ የግሼ ሰው ነበረች። የሕመሙ ምልክት በታየባት ሰሞን፣ ነገሩን ገና ራሷ ስታውቀው፣ «ሁሉም ሳይጠፋብኝ ራቤልን አሳየኝ፤ አደራ!» አለችኝ። «ለፋሲካ እንሄዳለን» አልኳት። ፋሲካው አለፈ። ሥራ በዛ፤ ተውኔቴ ለመድረክ ይዘጋጅ ነበር፤ ከዚያም ክረምት ገባ። እንዲህ እንዲህ ሲባል አራት ዓመት ሄደ። በአምስተኛው ዓመት እናቴ አደራዋን ረሳችው። ቆየት ብሎም «አንተ» ስትለኝ የኖረችው ሴት «እርስዎ» ትለኝ ጀመር። አክብሮት እንዲያ ልብ እንደሚሰብር ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ዘመድ ወዳጁ «ጃጅታለች፤ ዕድሜ ነው» እያለ ያጽናናኝ ነበር። ቃሉ ከክፋት የተነገረ ባይሆንም እውነቱን አይገልጽም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. የአንዲት ታማሚን የአንጎል ጉዳት ለሙያ ባልደረቦቹ ካስረዳ ወዲህ፣ ነገሩ የእርጅና ተራ ዕጣ ሳይሆን የአንጎል በሽታ መሆኑ እየታወቀ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በመርሳት በሽታ የተያዙትን ሰዎች 57 ሚሊዮን አድርሷቸዋል፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ስለዚህ ጥያቄው የእኔ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1694 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የታወቀ መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ፣ አንድ ሰው ያው ራሱ ሆኖ የሚዘልቀው ንቃተ ኅሊናው ያለፈውን ሥራውን ሊደርስበት እስከቻለ ድረስ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ ብንከተለው፣ ቃል የገባሁላት ሴት ከእንግዲህ የለችም፤ ባለዕዳ እንጂ ባለገንዘብ የለም። ላልከፈለ ሰው ምንኛ የሚመች ፍልስፍና ነው! እኔም ጥቂት ወራት ተጽናንቼበታለሁ። ከዚያ ግን አፈርኩ፤ በኅዳር 2010 ዓ.ም. እናቴን ይዤ ከእኅቴ ጋር መንገድ ጀመርኩ።

በሽታው ወደ ማታ እንደሚብስ ስለተነገረን ጉዟችንን ለጠዋት አደረግነው። የራሷን ጋቢ፣ የራሷን ሲኒ ያዝን። በየሰዓቱ እየቆምን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ደብረ ብርሃን ገባን። ቀኑ መልካም ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን፣ «ቤቴ ውሰዱኝ፤ ልጆቼ ብቻቸውን ናቸው» ትል ጀመር። ያላወቀችውን የአልጋ ክፍል በር እየታገለች እስከ እኩለ ሌሊት አለቀሰች። ብቻቸውን ናቸው ያለቻቸው ልጆች ፊቷ ቆመን ነበር። ያን ሌሊት ራሴን ጠየቅሁ፤ ይህ መንገድ የማን ነው? ለእሷ ዕዳዬን ልከፍል ነው የወጣሁት፣ ወይስ የራሴን ኅሊና ላሳርፍ? ባለገንዘቡን እያስለቀሰ የሚከፈል ዕዳ ምን ዓይነት ዕዳ ነው?

በማግሥቱ ጣርማበር ላይ የደሴን መንገድ ትተን ወደ መንዝ ታጠፍን። ጓሳ ስንደርስ ጭላዳዎች በመንጋ ሣር ይነጩ ነበር። የጓሳ ሣር የመንዝ ቤት ክዳን ነው። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የአቅኚ አባቶች ተወላጆች ስፍራውን በጋራ ሕግ ሲጠብቁት፣ ለዓመታት ሲዘጉትና ጊዜው ሲደርስ ሲከፍቱት ኖረዋል። እናቴ ጭላዳዎቹን አይታ ሳቀች፤ ስማቸውን ግን አልጠራችም።

ራቤል ገባን። እናቴ አገሯን አላወቀችውም። የልጅነት ቤቷ በነበረበት ቦታ ባሕር ዛፍ በቅሏል። «ይህ የማን አገር ነው?» አለች። ሰው ተሰበሰበ፤ እኛም እንደ ልማዳችን፣ «እኚህን ታውቂያቸዋለሽ? እስቲ እኚህስ ማን ናቸው?» እያልን እንፈትናት ጀመር። አንድ ሽማግሌ ግን ይህን አላደረጉም። እጇን ይዘው፣ «አንቺ የእገሌ ልጅ ነሽ» ብለው አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን እያሉ ሰባት ትውልድ ቆጠሩላት። እሷ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው በጸጥታ አዳመጠች። ተአምር አልሆነም፤ ፊቷ ግን ረጋ።

የሎክን ሐሳብ የመለሱልኝ እኚያ ሽማግሌ ናቸው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ እስኪሽረው ድረስ በመንዝ የርስት መብት የሚገኘው የዘር ሐረግን እስከ አቅኚ አባት በመቁጠር ነበር። ቆጠራው የጠፋበት ሰው ቢኖር ሽማግሎች ይቆጥሩለታል፣ ይመሰክሩለታል። እንግዲህ ትዝታ የአንድ ራስ ንብረት ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ሰው ማንነቱን በከፊል በሌሎች ዘንድ በአደራ አስቀምጦ ይኖራል። እንግሊዛዊው ምሁር ቶም ኪትውድም በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ የሕሙማኑ ሰውነት ከሌሎች ጋር ባላቸው ግንኙነት የሚጸና መሆኑን ተከራክሯል። እናቴ አገሯን ባታውቀውም አገሯ አውቋታል። ቃል የገባሁላት ሴት አልጠፋችም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤት የበግ ጠጉር ስትፈትል፣ እናቴ እንዝርቱን ከእጇ ተቀብላ፣ «ቀጠነብሽ እኮ፤ ለባና አይሆንም» ብላ ራሷ ትፈትል ጀመር። ሐኪሞች እንደሚሉት፣ የሆነውንና የተባለውን የሚያስታውሰው ክፍል ሲጠፋ፣ እጅ የለመደው ሙያ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። አሜሪካዊው ዘፋኝ ግሌን ካምቤል በ2011 እ.ኤ.አ. ሕመሙን ለሕዝብ ካስታወቀ በኋላ፣ ልጆቹ በባንዱ ውስጥ እየተጫወቱለት ከመቶ በላይ በሆኑ መድረኮች የስንብት ጉዞ አድርጓል። ግጥሙ በመስታወት ላይ እየተጻፈ ይታይለት ነበር፤ ጊታሩን ግን ጣቶቹ ያውቁታል። የቲያትር ሰው ነኝና ይህ ይገባኛል። ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ለተዋናይ ቃል የሚያቀብለው ሰው፣ «ቀጥሎ ምን ነበር?» ብሎ አይፈትነውም፤ ቃሉን ያንሾካሹክለታል እንጂ። ተውኔቱንም አይነጥቀውም። ከሕሙማን ጋር ስንኖር የሚጠበቅብን ይህ ነው።

በመልሱ ጉዞ፣ «ራቤልን አየሽው?» ብላት፣ «የት ነው እሱ?» አለችኝ። ታዲያ ምን ተረፈ? በ2014 እ.ኤ.አ. የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕሙማኑ ያዩትን ፊልም ከረሱ በኋላም በፊልሙ የተቀሰቀሰው ሐዘን ወይም ደስታ እንደሚቆይባቸው አሳይተዋል። ይህ ግኝት የሚያጽናና ብቻ ሳይሆን የሚከስስም ነው። የራቤል እርጋታ ቆይቶ ከሆነ የደብረ ብርሃኑ ሽብርም ቆይቷል። «ዛሬ የሚደረግላትን ነገ ትረሳዋለች» ብሎ ቸል ማለትም፣ «ዛሬ የምዋሻትን ነገ ትረሳዋለች» ብሎ መዋሸትም በዚህ ሚዛን ይወድቃሉ። ትናንት የበላውን የማያስታውስ ሰውም ጠግቦ አድሯል፤ ወይም ተርቦ አድሯል።

ስለዚህ መንገዱ ባዶ አልነበረም። ነገር ግን ሙሉ ክፍያም አልነበረም። በፋሲካው ብወስዳት ኖሮ ለሽማግሌው ስማቸውን ጠርታ፣ ቤቷ የነበረበትን ቦታ በጣቷ ታሳየኝ ነበር፤ ያን ያስቀረው በሽታው ሳይሆን የእኔ «ነገ» ነው። ጤነኛ ሰው ቃል ስንገባለት ቃሉን የምንጠብቀው ሁለት ሆነን ነው፤ እሱም ይጠብቃል፣ እኛም እንጠብቃለን። ለሚረሳ ሰው የገባነውን ግን የምንጠብቀው ብቻችንን ነው። ከሳሽም ምስክርም ዳኛም ከእኛ በቀር የለም። እናቴ በ2012 ዓ.ም. አረፈች፤ ቅሬታዋን አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም፤ ሊነግሩኝ ከሚችሉት ሁሉ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ተረቱም ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ተገልብጦ ይነገር፤ የተወጋ ቢረሳ፣ የወጋ አይርሳ።